እሳት የሚጫርበት ሰፈር

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ዮናስ ከሚስቱ ከመሠረት ጋር ሊጠይቀኝ መጣ። ሊጠይቀኝ ማለቴ ለወጉ ነው እንጂ የመጣው ሊያማክረኝ ነው። መሥሪያ ቤቱ ወደ አዲስ አበባ አዛውሮታል፣ ሁለት የሚከራዩ ቤቶች አይቷል፣ የቱን እንደሚይዝ ቸግሮታል። በዚህ በደብረ ብርሃን ሰው ቤት ሲገዛም ሆነ ሲከራይ እኔ ዘንድ መምጣቱ የታወቀ ነው። ይህን የምለው ራሴን ላመሰግን ብዬ አይደለም፣ ያለ ነገር ስለሆነ ነው። ግድግዳ በመዳፌ ዳብሼ ምሰሶው የበሰበሰበትን ቦታ እናገራለሁ። ክረምት ውሃ የሚገባበትን ግቢ በበጋ አይቼ አውቀዋለሁ። አንድ የተማረ መሐንዲስ፣ አሁን ስሙን አላነሳም፣ ባሠራው ቤት በረንዳ ላይ ቆሜ ነፋሱ ጭሱን ወደ ውስጥ ይመልስብሃል ብዬው ስቆብኝ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ማድ ቤቱን አፍርሶ ወደ ጓሮ አዞረው። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም።

ዮናስ ስለ ቤቶቹ አጫወተኝ። አንደኛው ከአስፋልቱ ዳር ነው፣ የራሱ የብረት በር አለው፣ ቧንቧው ከውስጥ ነው፣ ማንም አያይህም ማንንም አታይም። ሁለተኛው ብዙ ተከራይ ያለበት ግቢ ነው። ቧንቧው የጋራ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ የጋራ፣ ከደጁ ላይ የማይጠፉ አንዲት አሮጊት የወጣውንና የገባውን ሁሉ ከየት መጣህ ወዴት ትሄዳለህ እያሉ የሚመረምሩበት። ኪራዩ ብዙም አይለያይም። ዮናስ ልቡ ወደ ብረት በሩ እንዳዘነበለ ከአነጋገሩ ገብቶኛል። መሠረት ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ሻይ ልጣድ ብላ ተነሣችና የላምባ ምድጃውን ጎትታ አወጣች፣ ዮናስ ተቀበላትና ክብሪት ጫረ። ክብሪቱ ፈንድቶ ጭሱ አፍንጫዬን ነካኝ። ዮናስ ምድጃውን ለኮሰና የክብሪቱን ሳጥን ሳያስበው ከሸሚዙ የደረት ኪስ ውስጥ ጣል አደረገው።

ሲያወራኝ የነበረውን ከዚያ በኋላ አልሰማሁትም። ይኸው ሳምንት ሙሉ ያ ጭስ ከአፍንጫዬ አልወጣ ስላለ ነው ብዕር ያነሣሁት።

እኔ የአንኮበር ልጅ ነኝ። አባቴን አላውቀውም፣ ያሳደገችኝ እናቴ እንጨት ለቅማ እየሸጠች ነው። ፊደል ያስቆጠረኝ የለም። የቤተ ክርስቲያኑ ልጆች ዳዊት ሲደግሙ ከአጥሩ ውጭ ሆኜ በጆሮዬ ሰምቼ ያዝኩት። ኋላ ከአንድ የተቀዳደደ ዳዊት ሁለት ቅጠል አገኘሁና በቃሌ የማውቀውን ከጽሑፉ ጋር እያስተያየሁ ይህ በ ነው፣ ይህ ረ ነው እያልኩ ራሴ ለራሴ አስተማርኩ። በዚህ መንገድ ማንበብ የቻለ ሌላ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ጣልያን የገባ ጊዜ ሃያ ዓመት ቢያልፈኝ ነው። አስካለን ያገባሁት በዚያው ሰሞን ነበር። አስካለ የጎረቤላ ልጅ ናት፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲስቁባት የማትቆጣ፣ ስትጠይቅ ግን አንድ ጊዜ ብቻ የምትጠይቅ ሴት። መልስ ካላገኘች አትደግመውም። ይህን ጠባይዋን ያኔ እንደ ጨዋነት ብቻ ነበር የማየው።

አገሩ ታወከ፣ ጫካው በአርበኛ፣ መንገዱ በወታደር ተሞላ፣ የአንኮበር ገበያ ቀዘቀዘ። ደብረ ብርሃን ግን የመንገድ ሥራ አለ፣ ማንበብ የሚችል ሰው ይፈለጋል ተባለ። ያን ስሰማ በአገሩ ሁሉ የተፈለግሁት እኔ መሰለኝ። አንዲት በቅሎ ተውሰን፣ አንድ የመንዝ የበግ ጠጉር ባና፣ ሁለት እንስራና አንድ ከረጢት ገብስ ጭነን ዳገቱን ወጣን። አስካለ አራተኛ ወሯ ነበር፣ አብዛኛውን በእግሯ ነው የሄደችው። ደጋው ሜዳ ላይ ስንደርስ ነፋሱ ተቀበለን። የአንኮበር ሰው ብርድ ያውቃል፣ ቢሆንም የእኛ አገር ዛፍ አለው። እዚያ ነፋሱን የሚያቆመው ነገር የለም። ሰዉ የሚያነድደው ኩበት ነው፣ ከተማው ገና ከሩቅ ሲታይ በጭሱ ይታወቃል።

ደብረ ብርሃን ያኔ ሁለት ከተማ ነበረች። አንደኛዋ ከሥላሴ በታች እስከ በሬሳ ወንዝ የተበተነችው የሳር ቤት ከተማ ናት። ሁለተኛዋ በአዲሱ መንገድ ዳር በአንድ ዓመት የበቀለችው የቆርቆሮ ከተማ። ዛሬ ያን መንገድ የሚሄድበት ወጣት ምን እንደነበረ አያውቅም። የመኪና ሬሳ የሚጠገንበት ሜዳ፣ ግራሞፎን ቀኑን ሙሉ የሚያንጎራጉርበት ቡና ቤት፣ ጠዋት ጠዋት ትኩስ ፉርኖ የሚሸተትበት የዳቦ ቤት ማዕዘን ነበር። ዳቦው በአንዲት የጣልያን ሳንቲም ይገኛል፣ ውስጡ ጥጥ የመሰለ። ያኔ ያንን ዳቦ በእጁ ይዞ በመንገድ የሄደ ሰው እንደ ሹመኛ ይታይ ነበር። እኔም ይዤ ሄጃለሁ።

መጀመሪያ ያረፍነው ከሳር ቤቶቹ አንዱ ውስጥ፣ እትዬ ዘሀራ ዘንድ ነው። እትዬ ዘሀራ የአሊዩ አምባ ነጋዴ ሚስት የነበረች፣ ባሏ ሞቶባት በርበሬና ጨው እየቸረቸረች ልጆቿን ድራ ለብቻዋ የቀረች ሴት ናት። የአስካለ እናት የአሊዩ አምባን ገበያ ስለምትወርድ ይተዋወቃሉ፣ ሂዱና ዘሀራን ጠይቁ ብላ የላከችን እሷው ናት። ወፍራም፣ ድምፅዋ ጎርናና፣ ቁጭ ብድግ ባለች ቁጥር ቢስሚላሂ የምትል፣ በንግግሯ ሰው የምትወጋ፣ በእጇ ግን የምታጎርስ። ቤቱ የበርበሬ መጋዘን ነው ማለት ይቻላል። ገና ስንገባ አስነጠስኩ። እትዬ ዘሀራ ከጓዳ ሆና፣ «እንዲህ የሚያስነጥሰው የማን መኮንን ነው?» አለች። አስካለ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

በማግሥቱ ማለዳ እትዬ ዘሀራ የሰፈሩን ደንብ ለአስካለ አሳየቻት። በዚያ ሰፈር እሳት በየቤቱ ማታ ማታ ዐመድ ለብሶ ይዳፈናል። ማለዳ ግን የአንዱ ቤት ፍም ጠፍቶ ስለሚያድር ሴቶቹ ገልና የደረቀ ኩበት ይዘው እርስ በርስ እሳት ይጫጫራሉ። የክርስቲያን ነው የእስላም ነው አይባልም፣ የቄሱ ሚስት ከእትዬ ዘሀራ፣ እትዬ ዘሀራ ከቄሱ ሚስት ትጭራለች። እሳት ሲጭሩ ወሬ ይለዋወጣሉ፣ ማን ታሟል፣ ማን እንግዳ መጥቶበታል፣ የማን ላም ወልዳለች። እሳት ሊጭርም ሊሰጥም ብቅ ያላለ ቤት ካለ ፀሐይ ሞቅ ሳትል አንዷ ሄዳ በሩን ትቆረቁራለች። እትዬ ዘሀራ ለአስካለ ስትነግራት ሰምቻለሁ። «ቤት ስትፈልጉ መጀመሪያ እሳት ጭራችሁ እዩ» አለቻት። «ፍሙን እንዴት እንደሚሰጡሽ አይተሽ ሰዎቹን ታውቂያቸዋለሽ። ጣራውን ለባልሽ ተይለት።» ከቤቷ በስተጀርባ ባዶ ክፍል ነበራት። በወር አንድ ጠገራ ብር፣ ባይኖራችሁም ሲኖራችሁ አለችን።

ስለ እሳት መጫር እኔ የማውቀው ሌላ ነው። ልጅ ሆኜ እናቴ በየማለዳው ከትልቅ ሰው ግቢ እሳት እንድጭር ትልከኝ ነበር። የግቢው ሠራተኞች ከምድጃው ጥግ አንዲት ፍም በገሌ ላይ ይጥሉልኛል፣ ሳትጠፋ ቤቴ እንድትደርስ እሮጣለሁ። አንድ ክረምት በረኛው አቁሞኝ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ለእንግዶቹ እየነገረ፣ እናቴን በእንጨት ሸክሟ እየቀለደባት ፍሜ በዝናብ እስኪጠፋ አስቆመኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ቤት ሲኖረኝ እሳት የሚለምን ቤት እንዳይሆን በልቤ ምያለሁ። ስለዚህ አስካለ ማለዳ ገል ይዛ ስትወጣ ባየኋት ቁጥር የሚታየኝ እሷ ሳትሆን ያ በረኛ ነበር። ይህን ግን ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር ኖሮ ምናልባት ሌላ ይሆን ነበር።

ሥራውን በሦስተኛው ቀን አገኘሁ። የመንገድ ሥራው መጋዘን ኃላፊ የሆነው ጣልያን ሳጥኖች ላይ የተጻፈውን የሚለይለት ሰው ይፈልግ ነበር። የእነሱን ፊደል አላውቅም፣ አላውቅም ግን አላልኩም። ሁለት ሌሊት ከስሚንቶ ከረጢትና ከቆርቆሮ ቲማቲም ላይ ፊደሉን ቀዳሁና በስም የማውቃቸውን ዕቃዎች ከጽሑፋቸው ጋር አስተያየሁ፣ ልክ እንደ ዳዊቱ። በሳምንቱ ምስማር ከቡሎን፣ ዱቄት ከኖራ ሳልሳሳት አወጣ ነበር። ጣልያኑ በጣም ተገርሞ የካኪ ኮት ሸለመኝ፣ አሮጌ ግን ጠንካራ፣ አራት ኪስ ያለው። እስከዚያ ድረስ ኪስ ያለው ልብስ ለብሼ አላውቅም። እጀ ጠባብ ኪስ የለውም፣ ጋቢም የለውም፣ የአገራችን ሰው ዕቃውን የሚቋጥረው በመቀነቱ ወይም በጋቢው ጫፍ ነው። የደረቱ ኪስ ክዳን ነበረው፣ በነሐስ ቁልፍ የሚዘጋ። ከኮቱ ጋር የሰም ክብሪት በሳጥን ሰጠኝ፣ እንጨት ሳይሆን ቀጭን ሰም የተነከረ ክር፣ ጫፉ ቀይ። ክብሪቷን ከደረት ኪሴ ከትቼ ቁልፉን ቆለፍኩ። በመንገድ ስሄድ ትንኳኳለች። አንድ ካፖ፣ የሠራተኛ አለቃ ማለት ነው፣ ሲጋራውን ወደ አፉ ሲያነሣ እጄ ከሁሉ ቀድሞ ይደርሳል። በዚያ ከተማ ከአበሻ ልጅ ኪሱ እሳት ያለው እኔ ብቻ የሆንኩ ያህል ነበር የሚሰማኝ።

ከመንገዱ ማዶ ለሠራተኛ የተሠራ ረድፍ ቤት ነበር። አሥራ አራት ክፍል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ስሚንቶ ወለል፣ አንዳንድ መስኮት ከነመስተዋቱ። አንዱ ክፍል ባዶ መሆኑን ሰማሁና ኪራዩን ተስማምቼ ቁልፉን ይዤ መጣሁ። የያዝኩት በጣልያን ገንዘብ ነው፣ ከእትዬ ዘሀራ ኪራይ ሦስት እጥፍ ይበልጣል። አስካለን ወስጄ አሳየኋት። ወለሉን በእግሯ ነካ አደረገችው፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። በመደዳው ያሉት በሮች ሁሉ ቁልፍ ተንጠልጥሎባቸው ነበር፣ ሾፌሮቹም ወጥ ቤቶቹም ጎህ ሲቀድ ወጥተው የሚመለሱት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው።

«ቀን ማን አለ እዚህ?» አለችኝ።

«ማን ያስፈልግሻል?» አልኳት። «ውሃ በበርሜል ይመጣል፣ እሳት በኪሴ አለ።»

አስካለ አንድ ጊዜ ነው የምትጠይቀው ብያለሁ። አልደገመችውም። በማግሥቱ ዕቃችንን አሸጋገርን።

በገባን በሦስተኛው ጠዋት እትዬ ዘሀራ መጣች። ሜዳውን አቋርጣ፣ መንገዱን ተሻግራ፣ ያን ሁሉ አካሏን ይዛ፣ በገል ላይ ፍም ተሸክማ፣ ዐመድ አልብሳ በሌላ ገል ከድናው። አዲስ ቤት ለገባ ሰው የመጀመሪያውን እሳት ከለቀቀው ሰፈር ማምጣት ልማዳቸው ነው። ሁለት ሾፌሮች አብረውኝ በሩ ላይ ቆመው ነበር፣ ስለ ኮቴ ስናወራ። ነጠላዋ በርበሬ በርበሬ ይሸታል፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ቢስሚላሂ፣ እንኳን ለአዲስ ቤት አበቃችሁ» አለችና ፍሙን ዘረጋችልኝ። ሾፌሮቹ አዩኝ። እኔም ያንን በረኛ አየሁት። ከደረት ኪሴ ክብሪቷን አወጣሁና ከፊቷ አንድ ጫርኩ። «እትዬ ዘሀራ፣ ይህ ቤት እሳት አይለምንም» አልኳት።

ሾፌሮቹ ሳቁ። እትዬ ዘሀራ የክብሪቷ ነበልባል እስክትጠፋ አየችኝ። «እኔ እንኳ ላበድርህ አልመጣሁም ነበር» አለች። አስካለ ከውስጥ ወጥታ ገሉን ልትቀበላት እጇን ስትዘረጋ እትዬ ዘሀራ ራሷን ነቀነቀችላት፣ በባልና ሚስት መካከል ላለመግባት። ፍሙን ከበራችን ፊት መሬት ላይ ደፋችው፣ ገሎቿን አንዱን ባንዱ ላይ አድርጋ በመጣችበት ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ወደ ረድፉ አልመጣችም። አስካለም እኔን ላለማሳፈር ወደ እሷ አልሄደችም። ፍሙ እደጃችን ላይ ለጥቂት ጊዜ ሲጨስ ቆየ።

ቆርቆሮው ቤት አራት ወር ኖርን። ውሸት አልናገርም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። በዓል ሲመጣ ከጎረቤላ የመጡ ዘመዶች መስተዋቱን በጣታቸው ይነኩታል፣ እኔም ክብሪት እየጫርኩ አሳያቸዋለሁ። አስካለ እሳት ማዳፈን ተወች፣ እኔ ነኝ ያስተውኳት። ጠዋት እጭርልሻለሁ፣ ዐመድ ለባላገር ነው አልኳት። ማታ ምድጃችን ጠፍቶ ያድራል፣ ጠዋት እኔ ለኩሼ እወጣለሁ። አስካለ ቀን ቀን ምን ትሠራ እንደነበር አልጠየቅኋትም። ጥጥ ትፈትል ነበር፣ አንዳንዴ በመስኮቱ ማዶ የሳር ቤቶቹን ጭስ ስታይ አገኛት ነበር። የዛሬዎቹ ሰዎች ያ ረድፍ የነበረበትን ቦታ ጋራዥ አድርገውታል። ባለፍኩ ቁጥር የእኛ ሰባተኛው በር የነበረበትን ልክ በዓይኔ እለካለሁ፣ አንድ የተነቀለ የጭነት መኪና በር ተደግፎበት ይቆማል።

ታኅሣሥ ላይ ነው። የደብረ ብርሃን የታኅሣሥ ውርጭ ባልዲ ውስጥ ያለ ውሃ በረዶ ያደርጋል፣ ሣሩ ጨው የተበተነበት ይመስላል። የዚያን ዕለት አንድ ትልቅ ባለሥልጣን መጋዘኑን ሊጎበኝ ነበርና ማልጄ ተነሣሁ። ፋኖሷን ለኩሼ ፂሜን ላጨሁ፣ ኮቴን ቦረሽኩ። አስካለ ወገቧን እንዳመማት ነገረችኝ። በአቆጣጠራችን ገና አንድ ወር ይቀራታል። ስትንቀሳቀሺ ይተውሻል አልኳት። ምድጃውን ልለኩስ ስል የመጋዘኑ መኪና ጥሩንባ ነፋ፣ ፋኖሷን እፍ ብዬ አጠፋሁና ስመለስ ይሆናል ብዬ ሮጥኩ። ክብሪቷን እንደ ልማዴ ከደረት ኪሴ ከትቼ፣ ቁልፉን ቆልፌ።

ያን ቀን እንደኔ የተደሰተ አልነበረም። ባለሥልጣኑ ከሳጥኖቹ አንዱን አሳይቶ ምን ይላል አለ፣ አነበብኩለት፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ሲጋራውን የለኮስኩለት እኔ ነኝ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ተለቀቅንና ይህን ለአስካለ ልነግራት እየተጣደፍኩ መጣሁ።

በሩ ገርበብ ብሏል። አስካለ ስሚንቶው ላይ፣ ባናው ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች፣ በቀሚሷ ውስጥ ከደረቷ ጋር የታቀፈችው ነገር አለ። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። ኋላ ቀስ በቀስ እንደተረዳሁት ምጡ የመጣባት እኔ ከወጣሁ ብዙም ሳይቆይ ነው። ወጥታ አሥራ ሦስቱንም በር መታች። ሁሉም ቁልፍ ነው። ወደ እትዬ ዘሀራ ልትሻገር እስከ መንገዱ ሄደች፣ መኪናዎች በሰልፍ ያልፉ ነበርና የመንገዱ ዘበኞች እግረኛ አናሳልፍም ብለው መለሷት። ብቻዋን ወለደች። ልጅቱ አልቅሳለች፣ ድምፅ ነበራት፣ አስካለ ይህን ነግራኛለች። እስከ እኩለ ቀን ድረስ ጡት ልትይዝ ትሞክር ነበር። ከዚያ በኋላ ዝም አለች።

አስካለ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። «እሳት አጣሁ» አለችኝ። ብቻ ይህን። ከዚያም ዓይኗ ከፊቴ ወርዶ ደረት ኪሴ ላይ አረፈ፣ የነሐሱ ቁልፍ ላይ።

ክብሪቷን አወጣሁ። ቁልፉን ለመፍታት ስንት ጊዜ እንደፈጀብኝ አላውቅም። ጫርኩ፣ ኩበቱ ጤዛ ስቦ አልይዝ አለ፣ ጫርኩ፣ ሰሙ ጣቴን አቃጥሎ ጠፋ፣ ጫርኩ። የክብሪቱ ጭስ ክፍሉን ሞላው፣ ምድጃው ግን ጥቁር እንደሆነ ነው። በዚህ ላይ እያለሁ በሩ ተከፈተና እትዬ ዘሀራ ገባች። ጠዋት ከመንገዱ ማዶ የነበረች አንዲት ኩበት ሻጭ፣ ሆዷን ይዛ የተመለሰች ልጅ አየሁ ብላ ገበያ ላይ ስታወራ ሰምታ፣ በርበሬዋን ሳትሰበስብ ነው የመጣችው። በቤቷ በኩል አልፋ ግን በገል ላይ ፍም ይዛለች፣ ዐመድ አልብሳ።

አልተሳደበችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ተንበርክካ ፍሙን ምድጃው ውስጥ ገለበጠችው፣ ከነጠላዋ ሥር ደረቅ ኩበት አወጣች፣ በረጅሙ እፍ አለች። ያዘ። ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። «ተነሥ ልጄ፣ ውሃ አምጣ» አለችኝ። ልጄ ብላኝ አታውቅም ነበር፣ የአንኮበሩ መኮንን ነበር የምትለኝ። ውሃ ፍለጋ ስወጣ ረድፉ ሁሉ ገና ቁልፍ ነበር።

ልጅቱ ክርስትና ስላልተነሣች ያለ ፍትሐት ከሥላሴ አጥር ሥር ቀበርናት። ስም አልነበራትም። አስካለ በልቧ ያወጣችላት እንደሆነ አልጠየቅኋትም፣ እሷም አልነገረችኝም። በሳምንቱ ወደ እትዬ ዘሀራ የጓሮ ክፍል ገባን፣ እዚያው ዘጠኝ ዓመት ኖርን። የቀሩት ልጆቼ ሁሉ፣ የዮናስ አባት ጭምር፣ የበርበሬ ሽታ እየሸተታቸው እዚያ ተወለዱ። አስካለ በማለዳ እሳት ስትጭርም ስትሰጥም ኖረች። ጣልያን ወጣ፣ ክብሪት በየሱቁ በሳንቲም ሆነ፣ መብራት ገባ። አስካለ ግን እስከ ዕለተ ሞቷ ማታ ማታ ፍሟን ዐመድ ታለብሳለች። ክብሪት እኮ መደርደሪያው ላይ አለ እላታለሁ። «ይሁን» ትላለች፣ ማዳፈኗን ትቀጥላለች።

ያን ኮት ለብዙ ዓመት ለብሼዋለሁ። ልጅቱን በቀበርን ሰሞን አስካለ አጥባ መለሰችልኝ። ስለብሰው እጄን ወደ ደረት ኪሴ ሰደድኩ፣ አልገባ አለኝ። ክዳኑን ከኪሱ ጋር በጥቁር ክር፣ በጥብቅ፣ ዙሪያውን ሰፍታዋለች። ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም፣ እሷም አንድ ቀን ስለ ኪሱ አንስታ አታውቅም። አርባ ምናምን ዓመት አብረን ስንኖር ስለዚያ ቀን ያለችኝ ነገር ያ ስፌት ብቻ ነው። ኮቱ ዛሬም ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል፣ ክሩ አልተፈታም። እትዬ ዘሀራንም ይቅር በይኝ ሳልላት ሞተች። ቤቷን በቆርቆሮ ከደንኩላት፣ አጥሯን በድንጋይ ሠራሁላት፣ ያንን ሁሉ ሰው ያውቃል፣ እኔም በየቦታው አውርቻለሁ። ፊቷ ላይ ስለጫርኩት ክብሪት ግን አንዲት ቃል መተንፈስ አቃተኝ። በዳዊት ውስጥ ያለውን ቃል ሁሉ ለብቻዬ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ ያቺን አንዷን ቃል ማውጣት ግን አልሆነልኝም።

ቤት መምረጥ የማውቅ ሰው የሆንኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ጥበቡን ከየት አመጣኸው ሲለኝ በራሴ ተማርኩት እላለሁ። ውሸት አይደለም።

እሑድ ዕለት ዮናስ ወሬውን ጨርሶ መልሴን ሲጠብቅ ኖሯል። «አባባ፣ ሰሙኝ? ታዲያ የቱን ይሉኛል?»

«በሥራ ቀን ሂዱ» አልኩት። «ጠዋት አራት ሰዓት ላይ። አንተ መንገድ ላይ ቅር፣ መሠረት ብቻዋን ገብታ ሁለቱም ጋ እሳት ትጠይቅ። የሚሰጣት ካገኘች እዚያ ነው ቤታችሁ።»

ዮናስ ሳቀ። «አባባ ደግሞ፣ በዚህ ዘመን እሳት የሚለምን ማን አለ? ሰዉ ያበደች ይላታል።»

«ይበላት። ያበደች እንኳ የሚላት ሰው ቀን ቀን መኖሩን እወቅ።»

መሠረት ሻዩን እየቀዳች ነበር። ቀና ብላ ባሏን ሳይሆን እኔን አየችኝና፣ «ግቢ ውስጥ ያሉት እናት እኮ ያን ዕለት የስንት ወር ነሽ ብለውኛል» አለች። በቀስታ ነው ያለችው፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ዮናስ የሰማት አይመስልም፣ ስለ ብረት በሩ ሊቀጥል አፉን ከፍቶ ነበር።

«መልስላት» አልኩት።

«ምኑን?»

«መጀመሪያ ክብሪቱን ከኪስህ አውጣ። የቤት ነው፣ ምድጃው አጠገብ አስቀምጠው።»

እጁን ወደ ደረቱ ሰዶ ሲያገኘው ደነገጠ፣ መክተቱን ጨርሶ አላወቀውም ነበር። አወጣውና ለመሠረት ሰጣት።